የምሳ ሰዓት የማን ነው?

ትክክለኛ ስሟን የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሌላው ሰው ሁሉ፣ ከበር ጠባቂው እስከ ዋናው ኃላፊ ድረስ፣ «ወይዘሮ ወንበር» ይላታል። ፊት ለፊት ቢጠሯትም አትቀየምም፤ «አቤት፣ ቁጭ በል» ብላ ትመልሳለች።

የሥራ መደቧ የሕፃናትና የወጣቶች አገልግሎት አስተባባሪ ይባላል። ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ልጅ ሐኪምም፣ ትምህርት ቤትም፣ መጓጓዣም፣ የቤት ውስጥ ረዳትም በአንድ ጊዜ ሲያስፈልገው፣ ወላጆቹ ከቢሮ ቢሮ እግራቸው እስኪቀጥን እንዳይንከራተቱ ቢሮዎቹን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ማስቀመጥ የእሷ ፈንታ ነው። ቢሮዎቹ ግን አብሮ መቀመጥ አይወዱም። ጤና ከኮሪደሩ በስተቀኝ፣ ትምህርት በስተግራ፣ ማኅበራዊ ጉዳይ ከላይኛው ፎቅ ነው። አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው «ይማርህ» ለማለት የሚበቃ ቅርበት አላቸው። ሆኖም በመካከላቸው ባሕር የተዘረጋ ይመስል፣ በዚያን ዘመን ደብዳቤ የሚላላኩት በፖስታ ነበር።

ሙያውን የተማረችው ከመሥሪያ ቤት ሳይሆን ከእናቷ ግቢ ነው። በልጅነቷ እናቷና አክስቷ በአንድ ግቢ እየኖሩ፣ ከአንድ ቧንቧ እየቀዱ፣ ተኳርፈው ነበር። በምን እንደተኳረፉ ሁለቱም ረስተውታል፤ መኳረፋቸውን ብቻ አልረሱም። እናት «ሂጂና ባልዲዬን ትመልስ በያት» ትላለች። ልጅቱ ትሮጥና «እትዬ፣ እማዬ ሰላም ብላሻለች፤ ባልዲውንም ስትጨርሺ» ትላለች። አክስት «ባልዲዋን ትዋጠው በያት» ስትል፣ መልእክቱ ግቢውን ተሻግሮ «እግዜር ይስጥልኝ ብላለች» ሆኖ ይደርሳል። አንድ ቀን ግን ማሳመሩ ሰለቻት። እናቷን እጇን ይዛ አክስቷ ደጃፍ ካለው በርጩማ ላይ አስቀመጠቻት፤ አክስቷንም ጎትታ እናቷ በርጩማ ላይ።

«በሉ፣ አሁን ከዚያ ሆናችሁ ተሰዳደቡ» አለቻቸው።

እናት ከእህቷ ደጃፍ ሆና ወደ ራሷ በር ስትመለከት፣ «ውይ! የእኔ እጣቢ እስከዚህ ድረስ ነው እንዴ የሚወርደው?» አለች። ኩርፊያው በዚያው አከተመ። ባልዲው ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰም ይባላል።

ካደገችና ሥራ ከያዘች በኋላም የምትመራበት ሕግ ይኸው ሆነ። በእሷ ስብሰባ «ይህ እኛን አይመለከትም፤ የእነ እገሌ ነው» ያለ ሰው ከቦታው ይነሣና የእነ እገሌ ወንበር ላይ ይቀመጣል። እነሱን ሆኖም ይመልሳል። ወንበሮቹ ደግሞ የየራሳቸው ጠባይ ነበራቸው። የጤና ቢሮው ጎማ ስላለው ሲናገሩበት ወደ ኋላ ይንሸራተታል። የትምህርት ቢሮው የእንጨት ነው፤ አንድ እግሩ ስለሚያጥር የተቀመጠበትን ሁሉ ያነቃንቃል። የማኅበራዊ ጉዳዩ ለስላሳ ሆኖ ሰውን ይውጣል፤ ከዚያ ለመነሣት ጎታች ያስፈልጋል።

ታዲያ አንድ ዓርብ የሳቂታ ጉዳይ ቀረበ።

ሳቂታ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ናት። አትራመድም፣ አትናገርም፤ የሚነገረው ግን አንድም አያመልጣትም። ዓይኗን ወደ ላይ ካነሣች «አዎ»፣ ከጨፈነች «አይሆንም» ማለቷ ነው። የፈለገችውን ነገር ደግሞ ትክ ብላ ታየዋለች። ምግቧ የሚገባው ሆዷ ላይ በተገጠመ ቀጭን ቱቦ ነው። ከብዙ ልመና በኋላ ትምህርት ቤት ተገኝቶላታል፤ ደረጃው አጠገብ የጋሪ መውጫ ተሠርቷል፤ አውቶቡስም ተመድቧል። አዲሱ ቦርሳዋ ከተሽከርካሪ ወንበሯ እጀታ ላይ ከተንጠለጠለ ሰነባብቷል፤ ለመኝታ እንኳ ሲያወርዱት ዓይኗን ትጨፍናለች። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ምሳዋን በቱቦው የሚሰጣት ማን ነው? ይህ እስከ ሰኞ ካልተቆረጠ ቦታው ለሌላ ልጅ እንደሚሰጥ ርእሰ መምህሩ ተናግረዋል።

ልብስ ሰፊ የሆነችው እናቷ ልጇን የምትተውለት ሰው ስላጣች ይዛት መጣች። በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ልጅ ሲገኝ የመጀመሪያው ነበር።

የትምህርት ቢሮው ሹም፣ ከረባታቸው ከሆዳቸው ቀድሞ የማይደርስ ደልዳላ ሰው፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ምሳ ምግብ ነው፤ እንስማማ። ቱቦ ግን ሕክምና ነው። ሕክምና እኛን አይመለከትም፤ የጤና ቢሮ ነው።»

«ይነሡ፣ ጋሼ» አለች ወይዘሮ ወንበር።

«እንዴ፣ ገና ከመጀመራችን?»

«አፍዎ ነው የቸኮለው፣ እኔ ምን ላድርግ?»

ጤና ቢሮን ወክላ የመጣችው ሐኪም ቦታዋን ለቅቃላቸው ስትነሣ፣ «ደግሞም በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ የሚሆነው ሁሉ የትምህርት ቢሮ ነው። ክሊኒካችን ብትመጣ እጃችንን ዘርግተን…» ብላ ሳትጨርስ የእንጨቱ ወንበር ተገፋላት። ተቀመጠችና ተነቃነቀች።

«በመርህ ደረጃ» አለ የማኅበራዊ ጉዳዩ ወጣት ባለሙያ፤ ያለዚህ ቃል አፉ አይከፈትም። «በመርህ ደረጃ እኛ የምንረዳው ቤት ውስጥ ያለን ሰው ነው። ልጅቷ ከቤት ከወጣች…»

«ታዲያ ትምህርት ቤቱን ተሸክሜ ቤቴ ላምጣው?» አለች እናት።

«አይ እናቴ፣ እሱ የሁለቱ ቢሮዎች ጉዳይ ነው ለማለት…»

«የሁለቱ ነው ካልክ ሁለቱም ተይዘዋል» አለች ወይዘሮ ወንበር። «ቁም።»

እየተጎተተ ከለስላሳው ወንበር ወጣና ቆመ። ሳቂታ ዓይኗን ከአንዱ ወደ አንዱ ታንከራትት ጀመር።

ሐኪሟ የትምህርት ቢሮ ሆና አፍታ ሳትቆይ ነገሩ ደሟ ውስጥ ገባ። «ስማ አንተ ጤና ቢሮ! ተማሪዬ ሆዷ እየጮኸ መምህሯን ‹ማካፈል አስተምሪያት› ልበላት? አንዲት ነርስ ልከህ ሠራተኛችንን ብታሠለጥን ምን ትሆናለህ?»

ሹሙ ጎማው ጣማቸው። ወደ ኋላ ተንሸራተቱ፣ ወደ ፊት ተንሸራተቱ። «እኛ ጤና ቢሮዎች እጃችን አይታጠፍም! አንዲት ነርስ? ሁለት ውሰጂ! በየሳምንቱም መጥተው ያያሉ።»

«ሁለት?» ሐኪሟ ጮኸች፤ የማን ወንበር ላይ እንዳለች ረሳችው። «ከየት አምጥቼ!» ከዚያ ትዝ ሲላት እልህ ያዛት። «እሺ! እኛም ትምህርት ቢሮዎች አናንስም። ውሃ ያለው ንጹሕ ክፍል እንሰጣለን፤ ረዳት መምህሯንም ለዚሁ ሥራ እንለቃለን!»

«ረዳት መምህሯን? እሷኮ ያለችን አንድ ናት!» ሹሙ ከነጎማው ግድግዳው ጋር ተላተሙ።

ይህን ጊዜ ሳቂታ ሳቀች። ሳቋ ከሆዷ ተነሥቶ ትከሻዋን፣ ወንበሯን፣ ቦርሳዋን ሁሉ እያርገበገበ ይወጣል። ማንም ሊችለው አልቻለም፤ ክፍሉ በሞላ ሳቀ።

«በሰው እጅ መለገስ እንዴት ደስ ይላል!» አለች ወይዘሮ ወንበር ዓይኗን እየጠረገች። «በሉ ወደየቦታችሁ። እዚያ ሆናችሁ የሰጣችሁትን ከዚህ ሆናችሁ ድገሙት።»

ወደየቦታቸው ተመለሱ። ሳቁ ግን አብሯቸው አልተመለሰም። ሹሙ ከረባታቸውን አስተካከሉ። «ጨዋታው መልካም ነበር። ቢሆንም ይህ የበላይ ውሳኔ ይሻል። ለሚቀጥለው ሳምንት ብናስተላልፈው…» ሐኪሟ ጣሪያውን አየች። የሚቀጥለው ሳምንት ማለት ከሰኞ በኋላ መሆኑን ሁሉም ያውቃል።

እናት ቀስ ብላ ተነሣችና ቦርሳውን ከእጀታው ማውረድ ጀመረች። «ተይው የኔ ዓለም። ለሌላ ጊዜ ያድርግልን።»

ሳቂታ ዓይኗን ጨፈነች፤ ግንባሯ እስኪጨማደድ አጥብቃ። እናት «እሺ በቃ» አለቻት፤ አልገለጠችም። ሹሙ «ልጄ» አሏት፤ አልገለጠችም። ከተጨፈነ ዓይን ጋር ክርክር አይቻልም።

መጨረሻ ላይ ሐኪሟ ተነፈሰች። «ሁለት አልችልም። አንዲት ነርስ ግን ነገውኑ ትሄዳለች።»

ሹሙ የእንጨቱ ወንበር እያነቃነቃቸው፣ «ረዳት መምህሯም ነገ ትሠልጥን» አሉ። «ከጽሕፈት ቤቱ ጎን ያሮጌ ዕቃ ማጎሪያ ያደረግነው ክፍል አለ፤ ውሃ አለው። አስጠርገዋለሁ። በበላዩም ፊት እኔው እቆምለታለሁ።»

«እኔስ ልቀመጥ?» አለ ወጣቱ፤ እስካሁን እንደቆመ ነው።

«አንተ ምን አመጣህ?»

«በመርህ ደረጃ፣ መምህሯ የታመመች ቀን የእኛ የቤት ረዳት ትተካታለች።»

«ያለ መርህ ደረጃስ?»

«ትተካታለች።»

«ተቀመጥ።»

ሳቂታ መጀመሪያ አንድ ዓይኗን ገልጣ አጣራች። ከዚያ ሁለቱንም ወደ ጣሪያው አነሣች።

ሰኞ ጠዋት አውቶቡሱ ደጃፍ ቆመ። ረዳት መምህሯም ልጅቷን ልትቀበል አብራ መጥታለች። ወይዘሮ ወንበር ሥራዋ ባይሆንም ተገኝታለች። ጋሪው ከነባለቤቱ ገባ፤ ሾፌሩ ግን መሪውን ጨብጦ፣ «የጋሪውን ቀበቶ ማሰር የእኔ አይደለም፤ የረዳቷ ነው» አለ።

«እኔ የሠለጠንኩት ለቱቦው ነው፤ ለቀበቶው አይደለም» አለች ረዳት መምህሯ።

እናት ቀለሟ ተለወጠ። ወይዘሮ ወንበር አፏን ስትከፍት ሳቂታ ቀደመቻት። ረዳት መምህሯን ትክ ብላ አየቻት፤ ከዚያ ዓይኗን ቀስ አድርጋ ወደ ሾፌሩ ወንበር ወሰደች። ደግማ እንደዚያው አደረገች።

«ምን ፈልጋ ነው?» አለ ሾፌሩ።

«ከቦታህ ተነሣና ለረዳቷ ልቀቅላት ነው የምትለው» አለች ወይዘሮ ወንበር በኩራት። «መሪውን እሷ ትያዝ።»

«መንዳት ትችያለሽ?»

«ብስክሌት እንኳ አልሞከርኩም።»

ሾፌሩ ዘሎ ተነሣ። «ኧረ በሕግ! የታለ ቀበቶው?»

አውቶቡሱ ቦርሳውን እያወዛወዘ ሄደ። እናት እጇን አጣምራ ደጃፏ ላይ ቆመች፤ ልጇ ከተወለደች ጀምሮ ቀትር ላይ ከእሷ ተለይታ አታውቅም።

«እንግዲህ ምሳ ሰዓት ላይ ምን ልሠራ ነው?» አለች።

«እሱ እንኳ እኔን አይመለከት…» ብላ ወይዘሮ ወንበር ቃሏን ወደ አፏ ልትመልስ ሞከረች። አልሆነላትም።

እናት ልጇን ስትመግብ የምትቀመጥባትን ትንሽ ወንበር አውጥታ ደጃፉ ላይ አደረገችላት።

«ቁጭ በይ እንግዲህ፣ እህቴ» አለቻት። «በእኔ ቦታ ሆነሽ መልሺልኝ።»