የተደፈኑት መስኮቶች

እንግሊዝ አገርን ረግጬው አላውቅም። እዚያ ገጠር ውስጥ ያለ አንድ የድሮ የገበሬ ቤት ግን በእጄ የገነባሁት ያህል አውቀዋለሁ። ሳንታ ክላራ ያለው መሥሪያ ቤታችን እድሳት የሚጠብቁ አሮጌ ቤቶችን ከፎቶና ከልኬት ተነስቶ በኮምፒውተር ይስላል። እኔም በየቀኑ ከኦክላንድ እየተመላለስኩ ጡብ ስደረድር እውላለሁ። አንዱን በርዝመቱ፣ ቀጣዩን በጫፉ፣ እንደገና አንዱን በርዝመቱ። ደክሞኛል። ቀይ ነገር ማየት ራሱ አስጠልቶኛል።

ቤቱ ግን ያምራል፤ አልዋሽም። ጣሪያው መሃሉ ላይ ሰርጎድ፣ አንደኛው ግድግዳ ወደ አትክልቱ ዘመም ብሏል፤ እንዲህም ሆኖ ቆሟል። ፎቅ ላይ ካሉት መስኮቶች ሁለቱ በጡብ ተደፍነዋል። የልኬት ስህተት መስሎኝ መስታወት አስገባሁባቸው። አለቃዬ መለሰብኝ። ዱሮ እዚያ አገር ግብር የሚከፈለው በመስኮት ብዛት ስለነበር፣ የደፈኗቸው ባለቤቶቹ ራሳቸው ናቸው አለኝ። መልሼ ልደፍናቸው ሥራውን ቤት ይዤ ገባሁ።

እናቴ ከወሎ መጥታ አብራን ነው የምትኖረው። መስኮት ያለውን ክፍል “ልጆቹ ይማሩበት” ብላ፣ ሳሎኑን በጂፕሰም ከፍለን ባበጀነው ጓዳ ትተኛለች። ጓዳው መስኮት የለውም። ስልኳ አዛን ይላል፤ እሷ ግን ሰማዩን ሳታይ አታምነውም። ጀምበር ጠልቃ የመግሪብ ሶላት በደረሰ ቁጥር ጉልበቷን ይዛ እስከ ወጥ ቤቱ መስኮት ትሄዳለች። ተመቸሽ ወይ ስላት መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ “አብሽር።” አታስብ ማለቷ ነው። ለደከመው ሰው ከዚህ የሚጥም ቃል የለም፤ አላስብም።

የዚያን ቀን ከወጥ ቤት ስትመለስ ከኋላዬ ቆማ ስክሪኑን አየች። አንዱን ድፍን መስኮት በጣቷ ነክታ፣ እዚህ ውስጥ ማን ይተኛል አለችኝ። የግብሩን ነገር ነገርኳት። ከልቧ ሳቀች።

“እነሱስ ግብር ፈርተው ነው” አለች። “እኔ ምን ፈርቼ ነው?”

ለቀልድ ነው ያለችው። እኔ ግን አፈርኩ፤ ሥራውም እጄ ላይ ቀረ።

“ክፍሉን ከልጆቹ ጋር ልቀይርልሽ?” አልኳት።

የልጆቹ በር ገርበብ እንዳለ ነበር። በመስኮታቸው የሚታየው ሰማይ ገና አልጨለመም፤ እሷም ወደዚያ ታያለች። አብሽር እስክትለኝ ጠበቅኩ። አላለችም።