ንብ የምትመስለው ዝንብ

ኮኪት ውስጥ የትናየትን የማያውቅ ገበሬ የለም። ባሏ ከሞተ ሦስት ዓመት ሆነው፤ ሁለት ልጆቿን የምታበላው ከእኔ ማሳ ጎን ባለው ማሽላዋ ነው። ሥራ ታውቃለች፤ ግን ግትር ናት! የማሳዋን ዳር አታርምም። ቢጫ አበባ ያወጣ አረም እንደልቡ ይበቅላል።

"አንቺ፣ አረም ልትሸጪ ነው እንዴ?" እላታለሁ።

"ለእሷ ብዬ ነው፣ ጋሼ አዛናው" ትለኛለች። አሻግሬ ሳይ፣ ንብ የምትመስል ቀጭን ዝንብ ከአበባው በላይ አየር ላይ ቀጥ ብላ ቆማለች። "እንቁላሏን የምትጥለው ክሽክሽ የሚባለው ተባይ ያለበት ማሽላ ላይ ነው። ትሏ ክሽክሹን ይበላልኛል።"

ትል ማሽላ ሲያድን ማን አይቷል? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብዬ ተውኳት።

ዘንድሮ መስከረም ላይ፣ ያ የቅጠል ውሃ መጣጭ ክሽክሽ ማሽላዋን ወረረው። እሷ የታመመ ልጇን ይዛ ገንዳ ውሃ ከተማ ሐኪም ቤት ሄዳለች። እኔ እንቅልፍ አጣሁ። ማሽላው ከጠፋ ምን ልታበላቸው ነው? ቅጠሉን ብገለብጥ እግር የሌለው አረንጓዴ ትል ይርመሰመሳል። የነገረችኝ ትዝ አለኝ፤ ግን ትልን ማን ያምናል? ሳይቃጠል በቅጠል ብዬ መርጫዬን ተሸከምኩና መድኃኒቱ እስኪያልቅ ረጨሁላት። ዳሩንም አረምኩላት። ልትመርቀኝ ነው ብዬ እኮ ነው!

በሳምንቱ ክሽክሹ ከፊቱ ብሶ ተመለሰ። ትሉ የለም፤ ዝንቧም የለችም። ወይኔ አዛናው! ከዚያ ወዲያ መኪና በቆመ ቁጥር መጣች ብዬ አንገቴን አስግጌ አያለሁ።

ልጇ ተሽሎት ቅዳሜ መጣች። ማሳው ውስጥ ገብታ ቅጠል ስትገለብጥ ቆሜ አየኋት።

"እኔ ነኝ የረጨሁት" አልኳት። "ላንቺ አዝኜ ነው።"

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ጥላኝ እስከ ማሳው ጫፍ ሄደች። መድኃኒት ያልደረሳቸው ሦስት መስመሮች ላይ ትሉ በሕይወት አለ። ትል ያለበትን ቅጠል እየቀነጠሰች እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ።

"የታመመው ማሽላ ላይ ያኑሩልኝ" አለች። "ሁለተኛ ግን ሳይጠይቁኝ ደግ አይሁኑብኝ፣ ጋሼ።"

እስኪመሽ ትል ሳመላልስ ዋልኩ። ከማሽላዋ የዳነው ግማሹ ብቻ ነው።

ኅዳር መጨረሻ ከራሴ ማሽላ አንድ ጆንያ ሞልቼ ደጇ ደረስኩ። ጆንያውን አላወረድኩም።

"ላስገባው ወይ?" ብዬ ጠየቅኳት።