ተቀያሪው ሴንተራችን ዛሬ ገባ

አምስተኛው ፋውል ተነፋብኝ። አምስት የሞላበት ስለማይጫወት፣ ጨዋታው ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው ከሜዳ ወጣሁ።

የመሪ ሰፈር ኮንዶሚኒየም ቅርጫት ኳስ ቡድን ሴንተር፣ ማለትም ቅርጫቱ ሥር የሚጫወተው ረጅሙ ሰውዬ፣ እኔ ነኝ። ዛሬ የተጫወትነው ከአያት ሰፈር ቡድን ጋር ነበር፤ የተሸነፈ ከውድድሩ ይሰናበታል። የምንመራው በሁለት ነጥብ ብቻ ነበር።

በእኔ ቦታ የገባው ታምራት ነው፤ የሒሳብ መምህር፣ የሁለት ልጆች አባት። ዓመቱን ሙሉ ሥራው ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ የሁላችንንም ስልክና ቁልፍ መያዝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት አሰልጣኙን "ሁለተኛ ሴንተር ምን ያደርግልናል? በሱ ፈንታ ከሩቅ የሚያስቆጥር ልጅ አምጣ" ብዬው ነበር። (አዎ ብያለሁ፤ እዚሁ ስደቡኝ።)

ታምራት የስልኮቹንና የቁልፎቹን ቦርሳ አስታቀፈኝና ገባ።

አንድም ነጥብ አላስቆጠረም። ግን የአያት ቡድንን ረጅም ልጅ በጀርባው እየዘጋ ቅርጫቱ ሥር ድርሽ አላስባለውም።

መሃል ላይ ቦርሳው ውስጥ የታምራት ስልክ ጠራ። ሚስቱ ናት፤ አነሳሁት።

"ታሜ፣ ዝም ብለህ ከምትቀመጥ ዳቦ ይዘህ ቶሎ ና።"

"ጓደኛው ነኝ። እሱ ሜዳ ውስጥ ነው፤ እየተጫወተ ነው።"

ወዲያው "ልጆች! አባታችሁ ገባ!" ብላ ስትጮህ ጆሮዬ ሊበጠስ ነበር።

የመጨረሻውን ኳስ ታምራት አቅፎ እንደያዘ ሰዓቱ አለቀ። በአንድ ነጥብ አሸነፍን። ኡፍፍ፣ ተመስገን!

ዳቦውን እኔ ገዝቼ ቤቱ ድረስ አደረስኩ።

እናንተስ፣ "ምን ያደርግልናል" ያላችሁት ሰው ከጉድ ያወጣችሁ ቀን የለም? እባካችሁ ጻፉ፤ ብቻዬን አልፈር።