በሃምሳው የጾሙ መነኩሲት

እኔ ቁጡ ነኝ፤ የሚያውቀኝ ሁሉ ይመሰክራል። በዚያ ዓመት ግን ቁጣዬ ዘግይቶ መጣ፤ ለዚያ መዘግየት እስከ ዛሬ ራሴን ይቅር አላልኩም።

ዘመኑ በእኛ አቆጣጠር የሃምሳዎቹ መጀመሪያ ነው። ባሌን ፈትቼ ከሁሩታ ወደ አሰላ ስመለስ እናቴ በሕይወት አልነበረችምና ያስጠጋችኝ ታናሽ እህቷ ናት። አክስቴ ቤት አንድ ዓመት ተቀመጥኩ። ከዚያ ገበያው አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይቼ በእጅ በሚዞር የስፌት መኪና ቀሚስ መስፋት ጀመርኩ። ከተማው ፈት ይለኝ ነበር፤ አዲስ ቀሚስ ሲያምረው ግን የሚያንኳኳው የፈቷን በር ነው።

የአክስቴ ጎረቤት ልጅ ያልወለዱ ባልቴት ነበሩ፤ ለእኔ ደግሞ የክርስትና እናቴ ናቸው። ባላቸው ሲሞቱ ቆብ ጭነው መነኮሱና እማሆይ ተባሉ። እግራቸው እየከዳቸው ሲመጣ በሽማግሌዎች ፊት ከአክስቴ ጋር ውል ተዋዋሉ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸው ትጦራቸዋለች፣ ሲሞቱ ትቀብራቸዋለች፣ ቤቱና ግቢው ለእሷ ይሆናል። ጧሪ ቀባሪ የምንለው ይህንን ነው። ማንም ነውር አላየበትም፤ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። አክስቴ ወደ እማሆይ ቤት ተዛወረች፤ ዋናውን ክፍል እሷ ያዘች፣ እማሆይ ወደ ጓዳው ገቡ።

በቀጣዩ ዓመት ዐቢይ ጾም ሲጋመስ እማሆይ ከሱ። ጠያቂ ሁሉ ጓዳው ድረስ እየገባ ያደንቃቸው ጀመር። "ጾም እንዲህ ነው እንጂ፣ እኛማ የምንጾመው ለስሙ ነው" ይላል አንዱ። ሌላዋ ጉልበት ስማ ትወጣለች። አክስቴ በር ላይ ቆማ አንገቷን እየነቀነቀች፣ "ከጥቂት ጥሬ በቀር አይቀምሱም፤ ብለምን፣ ባለቅስ እምቢ አሉኝ" ትላለች። እንዲህ ያለች መነኩሲት በሰፈራችን በመኖሯ የማይኮራ አልነበረም።

ለፋሲካ ስጦታ ቀሚስ ሰፋሁላቸው። የደንበኞቼን ልክ የምጽፍበት ደብተር ነበረኝ፤ ሲመነኩሱ ለክቼ የያዝኩትን ልካቸውን አውጥቼ በዚያ ሰፋሁ። ሳለብሳቸው ትከሻው ተንሸራትቶ ክንዳቸው ላይ ወደቀ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ልኬ አይስትም። ሌላ ሰው ባያውቅ እኔ ማወቅ ነበረብኝ። እኔ ግን እንደ ሌላው ጎንበስ ብዬ "ጸሎትዎ ይድረሰኝ" አልኳቸው። ትክ ብለው አዩኝ። የራባት አሮጊት ጉልበት ስሜ፣ ረሃቧን አመስግኜ፣ ቀሚሱን ላጠብበው ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ያነቃችኝ ክርስቲያን አይደለችም። ከገጠር ወተት እያመጣች ለሰፈሩ የምትሸጥ አንዲት የአርሲ ሴት ነበረች፤ ሙስሊም ናት። አንድ ቀን ጠዋት ደጄ ላይ ቅሏን አስቀመጠች።

"አካም ቡልቴ" ብላ በኦሮምኛ እንዴት አደርሽ አለችኝና ቀጠለች፤ "የእማሆይ ጾም አያልቅም እንዴ? ፋሲካ ካለፈ ሁለት ጁምዓ ሆነ። ወተት ይዤ ስሄድ ይጾማሉ ይሉኛል። የናንተ ጾም እንዲህ ነው?"

እጄ መኪናው ላይ ቀረ። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው ሃምሳ ቀን ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም፤ ገዳም ያለ መነኩሴም ይገድፋል። አክስቴ ይህን ከእኔ አሳምራ ታውቃለች። የዋሸችው ለወተት ሻጯ ነው፤ የማታውቅ መስሏት።

የጠበበውን ቀሚስና ሜትሬን ይዤ ሄድኩ። አክስቴ በር ላይ "ሱባኤ ይዘዋል፣ አታውኪያቸው" አለችኝ። በሃምሳ ሱባኤ የት አገር እንዳለ ጠይቄያት አልፌ ገባሁ።

ቀሚሱ እንደገና ሰፋቸው። የክንዳቸውን ዙሪያ ለካሁ፤ በደብተሬ ሃያ ስድስት ሳንቲም የነበረው አሥራ ስምንት ሆኗል። ቁርበቱ ላይ ገልበጥ ሳደርጋቸው ጀርባቸው ላይ መዳፌን የሚያህል ቁስል አየሁ፤ ከስር የለበሱት ጨርቅ ተጣብቆበታል። የውኃው ማሰሮ ከወዲያኛው ግድግዳ ሥር ነው ያለው፤ ሰው ካልሰጣቸው አይደርሱበትም። ውኃ ቀዳሁላቸው። ጽዋውን በሁለት እጃቸው ይዘው ጠጡና ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገሩ።

"ልጄ፣ አትናገሪ። እሷ ከተወችኝ ማን ይቀብረኛል?"

ስወጣ አክስቴ መንገዴን ዘጋች። "ተፈትተሽ ስትመጪ ማን ነው ያስጠጋሽ?" አለችኝ።

"አንቺ ነሽ እትዬ። ስለዚህ ነው አስቀድሜ ለአንቺ የምነግርሽ። እናገራለሁ።"

መጀመሪያ የሄድኩት የእማሆይ የነፍስ አባት ዘንድ ነው። ደግ ቄስ ነበሩ፤ ደግነታቸው ግን ጎዳን። ቅዳሜ እንደሚመጡ አስቀድመው ለአክስቴ ላኩባት። ቅዳሜ ሲደርሱ ቤቱ ተጠርጎ ቄጤማ ተጎዝጉዟል፤ እማሆይ ታጥበው ነጭ ጋቢ ለብሰዋል፤ አጠገባቸው የዶሮ መረቅ ተቀምጧል። ሲጠየቁ "ተመስገን፣ ምንም አልጎደለብኝም" አሉ። ቄሱ አስጠርተውኝ የዘመድ ገበና አደባባይ አይወጣም ብለው ገሠጹኝ።

"አባ፣ ጀርባቸውን አይተዋል?"

"የመነኩሲት ገላ እንዴት አያለሁ?"

"እንግዲያው ያየሁት እኔ ነኝ" ብዬ ወጣሁ። እያለቀስኩ ነበር፤ የማለቅሰው ግን ከንዴት ነው።

በማግስቱ የአጥቢያ ዳኛው ቤት ሄድኩ። ያ ውል ሲጻፍ ከተቀመጡት ሽማግሌዎች አንዱ እሳቸው ነበሩ። ደብተሬን ዘርግቼ ሁለቱን ልክ አሳየኋቸው። ረጅም ጊዜ አዩት።

"አክስትሽ ናት። ሐሜት ሆኖ ከተገኘ የምቀጣው አንቺን ነው" አሉኝ።

"ይቅጡኝ። የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሳይልኩ ይምጡ።"

ሐሙስ፣ በምሳ ሰዓት፣ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ሳይልኩ መጡ። አክስቴ እጇን ከትሪው ላይ አነሳች፤ ምሳ እየበላች ነበር። ዳኛው የጓዳው በር ላይ ቆሙ፤ ነውር እንዳይሆን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ መልሰው እንድለካና የማየውን ጮክ ብዬ እንድናገር አዘዙኝ። ለካሁ። ክንዱ አሥራ ሰባት ሆኗል። የቁስሉን ስፋት፣ የጨርቁን ሽታ፣ የማሰሮውን ርቀት ሁሉንም ተናገርኩ።

ከዚያ ዳኛው "እማሆይ፣ ዛሬ ምን ቀመሱ?" ብለው ጠየቁ።

እማሆይ ዝም አሉ። አክስቴ ከኋላ ትንፋሿን መለሰች። ዝምታው ምን እንደሆነ ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። የሚፈሩት ሞትን አይደለም፤ ቀባሪ አጥተው አውላላ ሜዳ ላይ መቅረትን ነው። አጠገባቸው ተንበርክኬ፣ ሁሉም እንዲሰማ ብዬ ድምፄን ከፍ አደረግኩ።

"እማሆይ፣ በዳኛው ፊት እናገራለሁ። የምቀብርዎት እኔ ነኝ። ቤትዎን አልፈልግም።"

እጄን ያዙኝ። ወደ በሩ ዞሩና እኚያ ሰፈር ሁሉ ጉልበታቸውን የሳመላቸው ጿሚ፣ እንደ ሕፃን ቀጭን በሆነ ድምፅ "ራበኝ" አሉ።

ዳኛው ወደ ግድግዳው እንደዞሩ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ውሉ በዚያው ሳምንት ፈረሰ፤ አክስቴ ቤቱን ለቃ ወጣች። እስክትሞት ድረስ አላነጋገረችኝም፤ ለቅሶ ቤት እንኳ ስገባ ተነስታ ትወጣ ነበር። አላዘንኩም ብል ውሸት ነው፤ በክፉ ቀን የደረሰችልኝ እሷ ናት። ዛሬም ቢሆን ግን አደርገዋለሁ፤ ያውም ከፋሲካ በፊት።

እማሆይን በቃሬዛ ወደ ክፍሌ አመጣናቸው። መጀመሪያ ጥቂት ጥቂት አጥሚት፣ ቀጥሎ ወተት፣ ከዚያም በቅቤ የራሰ ገንፎ እያልኩ አበላኋቸው። አንድ ድሬሰር እየመጣ ቁስላቸውን አጠበ። ሦስት ሳምንት ሲሞላቸው ግድግዳ ተደግፈው መቀመጥ ጀመሩ። ብዙም ሳይቆይ ጰራቅሊጦስ አለፈና የሰኔ ጾም ገባ። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ሽሮ ሳቀርብላቸው በእጃቸው ገፋ አደረጉት።

"እስከ ስድስት ሰዓት ልቆይ" አሉ።

ያ ቁጣዬ ተነሳ። "ከእኔ ቤት ጾም የሚባል ነገር የለም! ሁለት ወር ሙሉ የጾሙት አይበቃዎትም?" አልኳቸው። የነፍስ አባታቸውም የታመመ ሰው ጾም የለበትም እንዳሉ ነገርኳቸው።

እማሆይ ሳይቆጡ ሰሙኝ። "ያ ጾም አልነበረም፣ ልጄ" አሉ። "ያን ጊዜ የምተወው ምግብ አልነበረኝም። አሁን አለኝ። አትከልክዪኝ።"

ሽሮውን ከድኜ፣ ውኃውንም ቀድቼ፣ እጃቸው በሚደርስበት ቦታ አስቀመጥኩላቸውና ወደ ስፌቴ ተመለስኩ። ስድስት ሰዓት እስኪሆን ድረስ አልነኩትም።