አንድ ብርና የሁለት አገር ተጫዋች

ልጅ ሳለሁ ጠቅላላ ሀብቴ አንድ ብር ነበር፤ በሳጉሬ ገበያ የነጋዴ ገብስ እየጠበቅሁ ያጠራቀምኩት። ያንን ብር ነው አይቼው በማላውቀው የሩቅ አገር ተጫዋች ላይ ያስያዝኩት።

አጎቴ ሁሴን ኤደን ወደብ ሲሠሩ ኖረው የተመለሱ ሰው ነበሩ። ማታ ማታ ሱቃቸውን ዘግተው ከሰሉን ሲያያይዙ፣ ልጃቸው ከድርና እኔ ብርዱን ሸሽተን ምድጃው አጠገብ እንቀመጥና፣ በኩራዙ ጭስ ዓይናችን እየተቃጠለ፣ ክሪኬት ስለሚባል ጨዋታ እንሰማለን። ኳሱን በጠፍጣፋ ዱላ ይመቱታል። ታሪኩ የአንድ ተጫዋች ነው፤ ለህንድ ተጫውቶ ስም ካተረፈ በኋላ አገሩ ለሁለት ተከፈለ፣ እሱም የፓኪስታን ሆኖ የድሮ ጓደኞቹን ሊገጥም ህንድ ተመልሶ ገባ።

እኔ «ያሸንፋል» ብዬ፣ ከድር «ይሸነፋል» ብሎ አንድ አንድ ብር አስያዝን። ዳኛውም ገንዘብ ያዡም አጎቴ።

ጨዋታው አምስት ቀን ይፈጃል አሉን፤ ወሬውም አምስት ምሽት ፈጀ! ልክ ኳሱ ወደ ሰውየው ሲወረወር አጎቴ ብርጭቋቸውን ያነሳሉ።

«ተጫዋቾቹ ሻይ ሊጠጡ ወጡ።»

«ጨዋታ መሀል ሻይ?»

«እንግሊዝ ነው ያስተማራቸው፣ እኔ ምን ላድርግ?»

በመጨረሻው ምሽት ፍሙ አመድ ሲለብስ «አለቀ» አሉ፤ «አቻ ወጡ።»

«አምስት ቀን ተጫውተው አቻ? ኧረ አቦ!» ከድር ጮኸ።

«ወላሂ፣ አቻ።»

«ብራችንስ?» አልኩ።

«ውርርድ ሐራም ነው። ላምባ ገዛሁበት። ይሄን ሁሉ ምሽት በጨለማ ነው እንዴ ያዳመጣችሁት?»

በገንኩ። የብሬን ያህል መልስ እንኳ ላግኝ ብዬ «እሺ፣ ተጫዋቹ በልቡ ማን እንዲያሸንፍ ነበር የሚፈልገው?» አልኳቸው።

ፍሙን ቆሰቆሱ። «ከድርና ኤደን ያለው ወንድሙ ቢገጥሙ፣ እኔ ለማን ልጩህ?»

ከድር እኔን አየ፤ ከዚያ አባቱን። ወንድም እንዳለው ሰምቶ አያውቅም።

«የምን ወንድም?»

አጎቴ ብርጭቋቸውን አነሱ። «ሻይ ሰዓት ነው» አሉ።

ከድር ወንድሙን ፈልጎ እስኪያገኝ ብዙ ዓመት ፈጀበት። አሁን ሰውየው እኛ ወዳለንበት አሰላ ሲመጣ ሦስታችን ሻይ እንጠጣለን፤ ሳቁ ቁርጥ የአጎቴ ነው፣ ወሬውንም እንደሳቸው መሀል ላይ ያቋርጣል። በዕድሜዬ ብዙ ሸጬ ብዙ ገዝቻለሁ፤ ያ ሂሳብ ግን በየት በኩል ብደምረው አይዋጥልኝም። እኩል አንድ አንድ ብር አወጣን፤ እኔ አቻ የወጣ ወሬ ይዤ ቀረሁ፣ ከድር ወንድም አተረፈ።