አንድ አቡነ ዘበሰማያት ያህል

በ2010 ዓ.ም. በጋ፣ አፍ ያልፈቱ ልጆች ሐሳባቸውን እንዴት እንደሚገልጹ የምታጠና ወጣት ደብረ ታቦር ወዳለው ቤታችን መጣች። ልጄ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ አንድም ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። በጥናቱ ከታቀፈች በየሳምንቱ ቤት ድረስ መጥቶ የሚያስተምራት ሰው ታገኛለች፤ ለሚቀርብላት ጥያቄ ምንም ምልክት ካላሳየች ግን ይቀራል።

ወጣቷ ኳስና የወተት ኩባያ አቀረበችላት።

«የትኛውን ትፈልጊያለሽ?»

ልጄ ወደ አንዱም አልጠቆመች። ወጣቷ ደግማ ጠየቀቻትና «ምልክት የለም» ብላ ልትጽፍ እስክሪብቶዋን አነሳች።

አሁን በሞት የተለዩን አክስቴ መደቡ ላይ እንደተቀመጡ፣ «ቆዪ እንጂ ልጄ! መኪና ሊያመልጥሽ ነው?» አሏት። «እኔ ከጠየቅኋት በኋላ አንድ አቡነ ዘበሰማያት አደርሳለሁ። ከዚያ በፊት አትመልስም።»

«እማማ፣ ብዙ ጠበቅሁ እኮ።»

«አልጸለይሽማ!»

ወጣቷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና እንደገና ጠየቀቻት። የአክስቴ ከንፈር ብቻ ይንቀሳቀሳል። እኔም በልቤ ተከተልኋቸው። የጸሎቱ መካከል፣ «ሲሳየነ» ላይ ስደርስ ምንም የለም። ልንጨርስ ስንል የልጄ ጣት ቀስ ብሎ ሄዶ ኩባያውን ነካ።

ወጣቷ ወረቀቷን ትክ ብላ አየችና፣ «ስንቱን ልጅ ሳልጠብቅ አልፌው ይሆን?» አለች። ልጄ ተመዘገበች፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

አክስቴን ባለፈው ሳምንት ቀበርናቸው። በማግስቱ ጠዋት ወተትና ውኃ ይዤ ልጄ ፊት ተቀመጥሁ። ጠየቅኋትና ጸሎቱን ብቻዬን ጀመርሁ። ስጨርስ ሁለቱንም ትታ ጣቷን ወደ ባዶው መደብ ዘረጋች። ሄጄ እዚያው ተቀመጥሁና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርሁ።