አውሮፕላን ሲመጣ ቋሚ የሚያነሳው ማነው?

ይህ ነገር የደረሰው ደርግ ከገባ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ እዚሁ ጂንካ ከተማ መሀል ባለው የአውሮፕላን ሜዳ ላይ ነው። በዕድሜዬ ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ይኼን ግን መርሳት አልቻልኩም። ሰሞኑን ደግሞ በሬዲዮ የስፖርት ፕሮግራም አንድ የቀድሞ ተጫዋች «መልበሻ ክፍል ውስጥ አዲስ ልጅን ማንገላታት ድሮም የነበረ ነው፤ ወንድ ያደርጋል» ሲል ሰማሁት። እኛ ጂንካ ላይ እንዴት ወንድ እናደርግ እንደነበር ባለመስማቱ አዘንኩለትና ብዕሬን አነሳሁ።

በመጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ልናገር። እኔ የአውራጃው ምርጥ ቡድን ወጌሻ ነበርኩ። ወጌሻነትን ያስተማረኝ ሰው የለም። ልጅ ሆኜ ከማንጎ ዛፍ ወድቄ የተሰበረውን ክንዴን ራሴ አስሬ ራሴ ጠገንኩት፤ ዛሬም ቀጥ ያለ ነው፣ የተጠራጠረ መጥቶ ይይ። ማንበብም የተማርኩት ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ጋዜጣ ነው። ግማሹ ጋዜጣ ተዘቅዝቆ ስለነበር እኔ ቀጥ ብሎም ተዘቅዝቆም አነባለሁ። ይህን የሚችል ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

ቡድናችን ገናና ነበር። ገናናነቱ ከጂንካ ባይወጣም ገናና ነበር። መልበሻ ክፍላችን ከሜዳው ዳር ያለ የቆርቆሮ ቤት ሲሆን ቀድሞ የቆዳ መጋዘን ነበር። ቆዳው ተነስቶ ሽታው ግን ለእኛ ተትቶልን ነበር። የምንጫወተው አውሮፕላን በሚያርፍበት ሣር ላይ ነው። ሌላ ሜዳ አልነበረንም። ከብትም ይግጥበታል፣ ሰውም ያቋርጥበታል፣ ሰልፍም ይወጣበታል፤ አውሮፕላን ሲመጣ ዘበኛው ጡሩምባ ይነፋል፣ ሁሉም ወደ ዳር ይሸሻል።

የጎላችን ሁለት ቋሚዎችም እንዲሁ መሸሽ ነበረባቸው። ቋሚዎቹ መሬት ውስጥ በተቀበሩ ቱቦዎች የሚሰኩ ግንዶች ነበሩ፤ ስንጫወት ብቻ በአግዳሚ ፋንታ ከጫፍ ጫፍ ገመድ እናስርባቸዋለን። ጡሩምባ ሲነፋ ተነቅለው ወደ ዳር መወሰድ አለባቸው። ይህ ሥራ የማን ይመስላችኋል? የአዲስ ገቢው ነው። ነባር ተጫዋች ቋሚ አያነሳም። አምበላችን ጌታቸው «ቋሚ!» ብሎ ይጮኻል፣ አዲሱ ይሮጣል፣ ሌሎቻችን ጥላ ሥር ቁጭ ብለን ሸንኮራ እንመጥጣለን። ሥርዓት ነበረን ማለት ነው።

ሌላም ሥርዓት ነበረን። አዲስ ልጅ ማሊያ ከመልበሱ በፊት «ይገባል» ይባላል። መግባት ማለት የነባሮችን ታኬታ መጥረግ፣ ካልሲያቸውን ማጠብ፣ ስም ሲወጣለት አብሮ መሳቅ ነው። መጨረሻ ላይ ምን እንደሚደረግ ደግሞ እንደ አምበሉ ፈጠራ ነው። ጌታቸው የፈጠራ ሰው ነበር። ይህንን ችሎታውን ኳስ ላይ ቢያውለው ኖሮ የት በደረስን።

በዚያ ዓመት ወደ ቡድናችን የመጣው ማርቆስ የሚባል ልጅ ነው። ከደጋው የአሪ መንደር ጣውላ ተሸክሞ ወደ ጂንካ ገበያ የሚያወርድ፣ ሰፊ ጀርባ ያለው ጎረምሳ ነበር። ኋላ መስመር ላይ ሲቆም ሰው አያልፈውም፤ ኳስ አልፋው ከሆነ ሰውየው ከእሷ ጋር አላለፈም ማለት ነው። ለክፍለ ሀገሩ ውድድር ወደ አርባ ምንጭ ልንሄድ ነበርና እሱን ማግኘታችን ዕድል ነው። ልጁም ከዚህ ሌላ ምኞት አልነበረውም። ያቺን ማሊያ ለብሶ አርባ ምንጭ መግባት፣ በቃ። መንደሩ ሁሉ ሰምቶለት ነበር።

መልበሻ ክፍላችን እጁን ዘርግቶ ተቀበለው። በመጀመሪያው ቀን «ቆጮ» የሚል ስም ወጣለት።

«ቆጮ፣ አማርኛ ስትናገር ኳሷም ግራ ገባት!» ይለዋል ጌታቸው።

«ኳስ አማርኛ አትሰማም» ይላል ማርቆስ፤ ሌላው ሁሉ ይስቃል፣ እሱም ይስቃል።

«ጸሎተኛ ነው አሉ ደግሞ። ቆጮ፣ እስቲ ለታኬታዬ ጸልይላት፣ ጎል ጠፍቶባታል!»

«ለታኬታ አይጸለይም። ለእግርህ እጸልያለሁ።»

ይህን ያለው ከልቡ ነበር። ጌታቸው ግን ሰው ፊት የተሰደበ መሰለው፤ በተለይ ሌሎቹ የሳቁት በእሱ ላይ ስለነበር።

ልምምድ በጨረስንበት በአንዱ ጠዋት፣ ሌሊቱን ዘንቦ ሣሩ እርጥብ ሳለ፣ የማርቆስ የመግቢያ ቀን ሆነ። ጌታቸው በሬ የሚታሰርበት ጠፍር ይዞ መጣ። ልጁን ጀርባውን ለቋሚው ሰጥተው አቆሙት፤ ሁለት እጁን ወደ ኋላ ጠምዝዘው ከግንዱ ጋር አሰሩት። ሸሚዙን አውልቀው ጭንቅላቱ ላይ ጠመጠሙለት። ማርቆስ አልታገለም። ማሊያው ከዚያ በኋላ እንደሚሰጠው ተነግሮታላ። ከዚያ እየሳቁ ወደ ቆርቆሮው ቤት ገቡ። ፀሐይ እስኪጠነክር ይቆያል፣ ከዚያ ይፈታል፣ ወንድ ሆነ ማለት ነው።

እኔ ቤቱ ውስጥ የአንዱን ባት እያሸሁ ነበርና ያደረጉትን አላየሁም። ሲገቡ ሳቃቸውን ብቻ ሰማሁ። የእነሱን ሳቅ ደግሞ ለምጄዋለሁ።

ትንሽ ቆይቶ ጡሩምባው ተነፋ። በዚያ ቀን አውሮፕላን አይጠበቅም ነበር፤ ባለሥልጣን ይዞ ኖሯል ሳይታሰብ የመጣው።

ጌታቸው ጫማውን እየፈታ፣ ቀና እንኳ ሳይል፣ እንደ ልማዱ ጮኸ፦

«ቋሚ! ቆጮ፣ ቋሚ!»

ማንም አልተነሳም። ቋሚ የማንሳት ሥራ የአዲሱ ነው። አንዱ ካልሲውን መጭመቅ ቀጠለ። ሌላው «ዛሬ ምነው ዘገየ?» አለ። በእውነት ነው የምላችሁ፣ እንዲህ አለ። ያሰሩት ልጅ መታሰሩን የሚያስታውስ አንድ ጭንቅላት ከዚያ ሁሉ ጭንቅላት መሀል ጠፋ።

በመጨረሻ ያስታወሰው ጌታቸው ነው። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት። «ኧረ… እሱ እኮ…» አለና በጣቱ ወደ ሜዳው አሳየ።

በበሩ ወደ ውጭ ስመለከት ሜዳው ባዶ ሆኗል። ከብቱም ሰውም ዳር ወጥቷል። መሀሉ ላይ ሁለት ቋሚ ቆሟል፤ አንደኛው ሸሚዝ የተጠመጠመበት ጭንቅላት አለው።

ፋሻ የምቆርጥበትን ምላጭ ይዤ ሮጥኩ። የዚያን ጊዜ ሩጫዬን ያየ ሰው ዛሬም ያነሳዋል፤ የቡድኑ ክንፍ ተጫዋቾች እንደዚያ ሮጠው አያውቁም። በእርግጥ የዚያን ቀን ጨርሶ አልሮጡም። በሩ ላይ ተኮልኩለው «ጋሽ ዘውዴ፣ ቶሎ! ቶሎ!» እያሉ በቃል ያግዙኝ ነበር።

ደርሼ ሸሚዙን ከፊቱ ላይ ገፈፍኩ። ጠፍሩ ረጥቦ ሥጋው ውስጥ ገብቷል፤ ምላጩ ያንሸራትታል። አውሮፕላኑ ከኮረብታው በላይ ብቅ አለ፣ አፍንጫውን ወደ እኛ አድርጎ ዝቅ ማለት ጀመረ። ምላጩን በሁለት እጄ ይዤ ጠፍሩን መገዝገዝ ቀጠልኩ።

«ጋሼ፣ አንተ ሂድ» አለኝ ማርቆስ።

«ዝም በል! ትንሽ ቀረኝ።»

«አንተ ያንን ቋሚ አንሳ። ይኼን እኔ አነሳለሁ።»

ምን ማለቱ እንደሆነ ሳይገባኝ ልጁ በርከክ አለ፣ ጀርባውን ከግንዱ ጋር አጣበቀ፣ እንደ ጣውላ ሸክም ትንፋሹን ያዘና ተነሳ። ግንዱ ከቱቦው ሲወጣ ሰማሁት። አጎንብሶ፣ ግንዱን በጀርባው እንዳዘለ፣ እጁ ከኋላው እንደታሰረ ወደ ዳር ሮጠ። እኔም ሌላኛውን ቋሚ ነቅዬ ተከተልኩት። ያን ግንድ ሁለት ሰው ነው የሚያነሳው፤ እኔ ለብቻዬ አነሳሁት። ይህን የምናገረው ለመኩራራት አይደለም። ደግሞስ ለመኩራራት ቢሆን ምን አለበት?

አውሮፕላኑ ከራሳችን በላይ አልፎ ሄደ። አብራሪው አይቶናል መሰለኝ ወደ ላይ ተመልሶ አንድ ዙር ዞረና አረፈ። ማርቆስ ሣሩ ላይ በግንዱ ሥር ተደፍቶ ነበር። ጠፍሩን እዚያ ቆረጥኩለት። የሁለቱም እጆቹ አንጓ ቆዳ ተልጦ ነበር። አላለቀሰም። ብቻ «ማሊያውን ይሰጡኛል አይደል?» አለኝ።

አሁን ፍርዱን ስሙ። ከአውሮፕላኑ የወረደው ባለሥልጣን ተቆጣ፤ የስፖርት ኮሚቴው በማግስቱ ተሰበሰበ። ሊቀመንበሩ ጓድ፣ ኳስ ተጫውተው የማያውቁ ግን ስለ ኳስ ብዙ የተናገሩ ሰው፣ ጥያቄውን አቀረቡ፦ «ቋሚ የማንሳት ኃላፊነት የማን ነበር?»

«የማርቆስ» አሉ ሁሉም በአንድ ድምፅ። ውሸት አይደለም እኮ!

«ጓድ ማርቆስ፣ በወቅቱ ለምን አላነሳህም?»

ማርቆስ መሬት መሬት አየ። የመልበሻ ክፍል ነገር ከመልበሻ ክፍል አይወጣም፤ ይህ የሥርዓታችን ቁንጮ ነበር። ከተናገረ ማሊያው የለም። እኔ እጄን አነሳሁ፤ ያየሁትን ሁሉ ዘረገፍኩት። ጌታቸው ፈገግ አለና «ጓድ ሊቀመንበር፣ ጋሽ ዘውዴ ሲያስሩት አላየም። ልጁ ራሱ ጨዋታ ብሎ ነው የቆመው» አለ። ሌሎቹ ጣሪያውን እያዩ ነበር። እንደዚያ የሚያስተውሉት ጣሪያ ምን እንደነበረው እስከዛሬ አላወቅኩም።

ማርቆስ በቸልተኝነት ጥፋተኛ ተብሎ ወደ አርባ ምንጭ እንዳይሄድ ተወሰነ። ሊቀመንበሩ ከዚህ የከፋ ቅጣት ስላልቀጡት እንዲያመሰግን ነገሩት። አመሰገነ።

በማግስቱ ጠዋት ልምምድ ላይ ሣጥኔን ቆልፌ ላዩ ላይ ተቀመጥኩ። ጌታቸው ጉልበቱ ሳይታሽ መሮጥ የማይችል ሰው ነው፤ ይህን ደግሞ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። መጥቶ እግሩን ዘረጋልኝ።

«ጋሽ ዘውዴ፣ እስቲ ይቺን ጉልበት።»

«እኔ አላየሁም።»

«ምኑን?»

«ጉልበትህን። ሳያይ ነው የሚናገረው ብለህ የለ? ያላየሁትን አላሽም።»

ሳቀ። ሌሎቹም እየመጡ እግራቸውን ዘረጉ፤ አንዱ ቁርጭምጭሚት፣ አንዱ ታፋ። ለሁሉም ያልኩት አንድ ነው፦ «ማርቆስን ያሰረው ሰው ኮሚቴው ፊት ስሙን እስኪናገር ድረስ ይህ እጅ ዕረፍት ላይ ነው።» ለመኑ፣ ዛቱ። ሌላ ወጌሻ ፈልገው ቀይ አፈር ከተማ ድረስ ላኩ፤ የመጣው ሰው የጌታቸውን ጉልበት አንዴ ሲያዞረው ጩኸቱ ገበያው ድረስ ተሰማ። ያን ጩኸት ስሰማ በጣም አዘንኩ። አዝኜ ሁለት ዳቦ በላሁ።

የመጓዣው ቀን ሲቃረብ ጌታቸው እያነከሰ ኮሚቴው ዘንድ ሄደ። እኔም ተጠርቼ ነበር። «ያሰርኩት እኔ ነኝ። ማርቆስ ጥፋት የለበትም» አለ፤ ድምፁ እንደ ደረቀ ቅጠል ነበር። ሊቀመንበሩ ብድግ ብለው አጨበጨቡ። «ጓዶች፣ አርአያነት ያለው ግለ ሂስ ነው!» አሉ። ጌታቸው በጉባኤው ተመሰገነ። የታሰረውን ልጅ ያመሰገነ የለም፤ ብቻ ቅጣቱ ተነሳለት። ማሰር ምስጋና እንዳለው ያን ቀን ተማርኩ፤ ይህን ደግሞ ጋዜጣው ላይ አላነበብኩትም ነበር።

ማርቆስ ማሊያውን ለብሶ ለልምምድ መጣ። አንጓዎቹ ላይ የእኔ ፋሻ ነበር። ጨዋታው ሲሟሟቅ ጡሩምባው ተነፋ።

«ቋሚ!» ብሎ ጮኸ ጌታቸው። ልማድ እኮ ነው።

ማርቆስ ኳሷን እግሩ ሥር አቆመና እጁን ደረቱ ላይ አጣጠፈ። ወደ ዳር አልሄደም፤ ወደ ቋሚውም አልሄደም። ሁሉም አዩት። የአውሮፕላኑ ድምፅ ከሩቅ ተሰማ።

«ቆጮ፣ ምን ትሠራለህ? መጣ እኮ!»

«ስሜ ማርቆስ ነው» አለ። «አምበል፣ አንዱን አንተ ታነሳለህ። ሌላውን እኔ።»

ድምፁ እየቀረበ ነው። ጌታቸው ወደ እኔ አየ፤ እኔ ጣሪያ ባለመኖሩ ሰማዩን አየሁ። ከዚያ አምበላችን እያነከሰ ሄዶ ግንዱን አቀፈና ታገለው። አልነቀል ሲለው ከነባሮቹ ሁለቱ ሮጠው ረዱት። ማርቆስ የራሱን ተሸክሞ ቀድሟቸው ዳር ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጡሩምባ ሲነፋ የቀረበ ሰው ነው ቋሚ የሚያነሳው። አዲስ ልጅም ከዚያ በኋላ አልታሰረም። አርባ ምንጭ ላይ ተሸነፍን፤ በማርቆስ በኩል ግን የገባ ጎል የለም።

ማርቆስ ዛሬ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፤ ጎረቤቴ ነው፣ የልጅ ልጆችም አሉት። እኔ ያን ልጅ በማትረፌ እኮራለሁ፤ ስኮራም ጎረቤት ሁሉ ይሰማል። ነገር ግን ያ የሬዲዮ ሰውዬ አንድ ነገር ቢያይልኝ ደስ ይለኛል። ማታ ማታ በራፌ ላይ ተቀምጠን ስንጨዋወት አውሮፕላን ካለፈ ማርቆስ ወሬውን ያቋርጣል፤ ሳያስበው ግራ እጁ የቀኙን አንጓ ይይዛል። ድምፁ እስኪርቅ ድረስ አይለቀውም።

ጂንካ ላይ ያልጠገንኩት አጥንት የለም። ያን ጊዜ ግን እጁን ተቀብዬ ዝም ብዬ አሻለሁ። ይድናል ብዬ አይደለም።